በርበሬው ነው ያለን ማን ነው?

አምስት ሰው አንድ ትሪ ላይ ከቀረበ፣ አንዱ ቀዩን ወጥ ገሸሽ አድርጎ በአልጫው በኩል መቁረሱ አይቀርም። "ጨጓራዬ አይችለውም" ይላል። አንዷ ተልባ ትመክረዋለች። ሌላው እሱም እንደዚያው ይሰቃይ እንደነበር፣ በርበሬ ከተወ ወዲህ ግን እንደተሻለው ያወራል። በርበሬ ለምን ጨጓራን እንደሚያሳምም የሚጠይቅ የለም። ምን ይጠየቃል? የታወቀ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ "የታወቀ ነው" የምንለው ነገር ነው። ማን አወቀው? መቼ? በምን? ስለ ፖለቲካ ወይም ስለ ታሪክ ይህን ጥያቄ ብናነሳ ሰው ይቆጣል፣ ወንዝ ቆጥሮ ይጣላል። ጨጓራ ላይ ግን ማንም አይቀየምም። ደግሞስ ሰው ከራሱ ሆድ በላይ በቅርብ የሚያውቀው ምን ነገር አለ? እዚህ ላይ እውቀታችን ከየት እንደመጣ መርምረን ብናይ፣ ራቅ ባለው ጉዳይ ላይ ስንከራከር ረጋ እንል ይሆናል።

እናቴን ጨጓራ የጀመራት እኔ ሳልወለድ ነው። ቤታችን ሁልጊዜ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለእሷ። ማታ ማታ አንድ እፍኝ ተልባ ፍሬውን እንዳለ በፈላ ውሃ ትዘፈዝፋለች። ጠዋት ውሃው ወፍሮ፣ ልጋግ ሆኖ፣ በማንኪያ ሲያነሱት ይሳባል። ዓይኗን ጨፍና በአንድ ትንፋሽ ትጨልጠዋለች። ቡና የምትጠጣው ዳቦ ከቀመሰች በኋላ ብቻ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ኦሜፕራዞል የሚባለው አሲድ ቀናሽ መድኃኒት አይጠፋም።

"እማዬ፣ በርበሬው መሆኑን በምን አወቅሽ?" ብዬ ጠየቅኋት።

ተገርማ አየችኝ። "እኔ ነኛ የሚያመኝ!"

ከዚያ ማስረጃዋን አንድ በአንድ አወጣችልኝ። ፋሲካ በመጣ ቁጥር ዶሮ ወጥ ትበላለች፤ በማግስቱ ሆዷን ይዛ ትተኛለች። ቀይ ሽሮ ስትበላ ያቃጥላታል፤ በነጭ ሲሠራ ግን አያቃጥላትም። አያቴም እንደዚሁ ነበረች። ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስም "በርበሬ ተዪ" ብላታለች። ጎረቤታችን ትታ ተሽሏታል።

ልብ በሉ፣ ይህ ተራ ወሬ አይደለም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ስትከታተል የኖረች ሴት ናት። የራሷን ገላ አይታለች፣ ምግብ ቀያይራ ሞክራለች፣ የሌላ ሰው ምስክርነት ሰምታለች፣ የባለሙያ ምክር አክላለች። ብዙዎቻችን ስለ ብዙ ነገር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለንም። እንዲያውም ይህን ያህል የለንም።

ግን ፋሲካን እስቲ ቀስ ብለን እንየው። 55 ቀን ቅቤና ሥጋ ያልነካ ሆድ ነው። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ከዶሮ ጩኸት በኋላ ይፈሰካል። ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ አይቡ፣ ንጥር ቅቤው፣ ጠላው፣ ቀጥሎ ቡናው። በማግስቱ ሆድ ሲታመም ተጠርጣሪው በርበሬ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? ቅቤውን የከሰሰ አልሰማሁም። እንቅልፍ ማጣቱንም እንዲሁ። በርበሬ የተከሰሰው አፍ ላይ ስለሚያቃጥል ይመስለኛል። አፍን የሚያቃጥል ነገር ሆድንም ያቆስላል ብለን እንገምታለን። ግምቱ ደግሞ ያሳምናል። ስለሚያሳምን ማንም ግምት መሆኑን አያስታውስም።

እዚህ ላይ ሳነብ ልቤን የነካኝን ልንገራችሁ። በርበሬ ሲያቃጥለን የሚቃጠል ነገር የለም። በ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዴቪድ ጁሊየስ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አንድ ነገር አገኘ። ነርቮቻችን ላይ ሙቀትን የሚቀበል ትንሽ በር አለ። ሙቀቱ ወደ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይከፈትና "እሳት!" የሚል መልእክት ወደ አንጎል ይልካል። በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ይህንኑ በር ይከፍተዋል። እሳት የለም፤ መልእክቱ ግን ያው የእሳት መልእክት ነው። ጁሊየስ በዚህ ሥራው በ2021 ኖቤል ተሸልሟል። ይህ በር ምላስ ላይ ብቻ አይደለም ያለው፤ እስከ አንጀት ድረስ አለ።

እንግዲህ እናቴ "አቃጠለኝ" ስትል እውነቷን ነው። በትክክል ተሰምቷታል። ነርቯ አልዋሸም፤ በሩ ተከፍቷል፣ የተከፈተለትን ነገር ተናግሯል። ቁስል መኖሩን ግን ነርቩ አላየም። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። "በራሴ ገላ ያየሁትን" የምንለው ምስክር ስለ ስሜቱ ታማኝ ነው፤ ስለ ምክንያቱ ግን ከጎረቤት የተሻለ አያውቅም። ሲንጋፖር ውስጥ በ1995 ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ አስፕሪን ከመውሰዳቸው በፊት በርበሬ ሲጠጡ የጨጓራቸው ግድግዳ የደረሰበት ጉዳት ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። በርበሬ ማቃጠሉ እርግጥ ነው፤ አልሰር (የጨጓራ ወይም የአንጀት ቁስል) ማምጣቱ ግን በምርመራ አልተገኘም።

(በነገራችን ላይ በርበሬ ራሱ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ነው። ኮሎምበስ በ1492 ከመሻገሩ በፊት በእኛ ምድር ድልህና አዋዜ አልነበረም። ይህንንም የምነግረው ሰው ሁሉ አላምንም ይለኛል።)

ታዲያ አልሰር ከምን ይመጣል?

እስከ 1980ዎቹ ድረስ የዓለም ሐኪሞች መልስ ከእናታችን መልስ ብዙም አይርቅም ነበር። ጭንቀት፣ አመጋገብ፣ የበዛ አሲድ። በ1910 ሽዋርትዝ የተባለ ሐኪም "አሲድ ከሌለ አልሰር የለም" ብሎ ያለው እንደ ሕግ ተይዞ ነበር። በ1915 ሲፒ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ለአልሰር በሽተኞች በየሰዓቱ ወተትና ክሬም ያዝዝ ነበር። በ1976 ሲሜቲዲን የሚባለው አሲድ ቀናሽ መድኃኒት ገበያ ሲገባ ደግሞ ክርክሩ ያለቀ መሰለ። መድኃኒቱ ይሠራል። ቁስሉ ይድናል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ባክቴሪያ ይሆን ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጨጓራ ውስጥ ጠመዝማዛ ረቂቅ ነገሮች ያዩ ነበሩ። ክርክሩን የዘጋው በ1954 የወጣ ጥናት ነው። ኤዲ ፓልመር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከ1,000 በላይ ሰዎች የጨጓራ ናሙና መርምሮ አንድም ባክቴሪያ አላገኘሁም አለ። ከ1,000 በላይ! ቁጥሩ ራሱ አፍ ያስይዛል። ጨጓራ በአሲዱ የተነሳ ባክቴሪያ የማይኖርበት ቦታ ነው ተባለ፤ ተጽፎ ተማሪዎች ተማሩት።

ፓልመር አልዋሸም። አልሰነፈም። ናሙናዎቹን የቀባው ግን በተለመደው ማቅለሚያ ነበር፤ ያ ማቅለሚያ ደግሞ እነዚህን ባክቴሪያዎች አጉልቶ አያሳይም። በብር ውህድ የሚሠራ ሌላ ማቅለሚያ ነበር፤ በእሱ ቢቀባ ያያቸው ነበር። ይህን ሳስብ ሁሌም አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። "ፈልጌ አጣሁት" ስንል፣ ቢኖር ኖሮ በፈለግንበት መንገድ ይታይ ነበር ወይ? ይህን ሳይጠይቁ መዝጋት 25 ዓመት አስከፍሏል። በእነዚያ ዓመታት ስንት ሰው ጨጓራው ተቆርጦ ወጥቷል።

በ1979 አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ፣ ሮቢን ዋረን የሚባል የናሙና መርማሪ ሐኪም የተቆጣ የጨጓራ ናሙና ላይ ጠመዝማዛ ነገሮች አየ። በብር ማቅለሚያው ቀባው። ጉልህ ሆነው ታዩ። ባልደረቦቹ ብዙም አላመኑትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ባሪ ማርሻል የሚባል ወጣት ሐኪም አብሮት መሥራት ጀመረ። በ1982 ለኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቱቦ ጨጓራን ለማየት) ከመጡ 100 በሽተኞች ናሙና ወሰዱ። ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ ለማብቀል ሞከሩ። እንቢ አለ። ከ30 በላይ ናሙና ከሸፈ። የላቦራቶሪው ልማድ በሁለት ቀን ውስጥ ምንም ካልበቀለ ሳህኑን መጣል ነበር። ከዚያ የፈረንጆች ፋሲካ መጣ። ሰዎቹ በበዓሉ የተነሳ ሳህኑን ሳይጥሉት ለአምስት ቀን ያህል ተቀመጠ። ሲመለሱ በቅሏል። ባክቴሪያው ቀርፋፋ ነበር፤ ሁለት ቀን አይበቃውም። ያን ሁሉ ጊዜ ሲጥሉ የነበረው ገና ሊበቅል የነበረውን ነው።

ከ100ዎቹ በ58ቱ ላይ ባክቴሪያው ተገኘ። ዱዎዲነም በሚባለው የአንጀት ክፍል ላይ አልሰር ከነበራቸው 13 ሰዎች 13ቱም ነበረባቸው። አሁን ኤች ፓይሎሪ የምንለው ማለት ነው።

ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው የሚያውቀው። በ1984 ማርሻል ራሱ ባክቴሪያውን በጥብጦ ጠጣው። መጀመሪያ ጨጓራው ጤነኛ መሆኑን በኢንዶስኮፒ አረጋግጧል። ለሚስቱ አልነገራትም። ከቀናት በኋላ ማስመለስ ጀመረው፣ አፉ ሸተተ። እንደገና ሲታይ ጨጓራው ተቆጥቷል፤ ባክቴሪያውም እዚያው ተገኘ። ታሪኩ ደስ ይላል፣ ጀግንነትም አለበት። ግን ምን አረጋገጠ? ባክቴሪያው ጤነኛ ጨጓራ ውስጥ ገብቶ ማስቆጣት እንደሚችል። ያውም በአንድ ሰው ላይ። አልሰር አልያዘውም። ሰዎች "ጠጥቶ አረጋገጠ" ሲሉ እሰማለሁ። እኔ እንደማስበው ግን የጠጣው ብርጭቆ ትኩረት ሳበ እንጂ ጥያቄውን አልዘጋም።

የዘጋው አሰልቺ የሚመስል ሥራ ነው። አሲድ ቀናሽ መድኃኒት ቁስሉን ያድናል፣ ሲቋረጥ ግን በዓመት ውስጥ አብዛኛው ሰው ላይ ይመለሳል። ይህ የታወቀ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ሆነ፦ ባክቴሪያውን ብንገድለው አልሰሩ ይመለሳል? በሽተኞች በዕጣ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ሁሉም አሲድ ቀናሹን ወሰዱ። ግማሾቹ አንቲባዮቲክ ተጨመረላቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ የሚመስል ነገር ግን ባዶ የሆነ ክኒን። ማን የትኛውን እንደወሰደ በሽተኛውም ሐኪሙም አያውቁም። በ1993 የታተመው የኦስትሪያ ጥናት 104 ሰዎችን እንዲህ ተከታተለ። ባዶውን ከወሰዱት 86 በመቶው ላይ አልሰሩ ተመለሰ። አንቲባዮቲክ ከወሰዱት ላይ 8 በመቶ ብቻ። በ1994 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የአልሰር በሽተኛ ባክቴሪያው ከተገኘበት በአንቲባዮቲክ ይታከም የሚል አቋም አወጣ። ዋረንና ማርሻል በ2005 ኖቤል ተሸለሙ።

ሐኪሙም በሽተኛውም እንዳያውቁ የሚደረገው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የተልባው ነገር ያለው እዚህ ነው። የጨጓራ ሕመም ይነሳል፣ ይተኛል። የአልሰር ቁስል እንኳ ከሦስት ሰው በአንዱ ላይ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ያለ መድኃኒት በሳምንታት ውስጥ ይድናል። እኛ ደግሞ መድኃኒት የምንፈልገው ሕመሙ ሲብስ ነው። በጣም ከባሰበት ቀን ቀጥሎ ያለው ቀን ብዙ ጊዜ ይሻላል። በዚያ መሐል ተልባ ከጠጣን ምስጋናው የተልባ ነው፤ ጸበል ከጠጣን የጸበሉ፤ በርበሬ ከተውን የመተዋችን። ደግሞም ያሻለናል ብለን ያመንነው ነገር በእርግጥ ቀለል ያደርገናል። ተልባው ምንም አይሠራም እያልኩ አይደለም። "ጠጥቼ ተሻለኝ" ብቻውን ይህንን ሊነግረን አይችልም ነው የምለው። ሳትጠጪ ብትቀሪ ምን ይሆን ነበር? ያኛውን ቀን ማንም አይኖረውም።

ጆን ሊኩዲስ የሚባል ግሪካዊ ሐኪም ነበር። ሚሶሎንጊ በምትባል ትንሽ ከተማ ከ1958 ጀምሮ አልሰርን በአንቲባዮቲክ ያክም ነበር። ብዙ ሺህ ሰው አክሟል። የአገሩ ሐኪሞች የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት አቁመው ቀጡት። የጻፈውን የሕክምና መጽሔት አልቀበልም አለው። ፐርዝ ላይ የተገኘው ሳይታተም ሞተ። ስለ እሱ ሳነብ አዘንኩ። የተበደለ ሰው ነው።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ሊኩዲስ በእጁ የነበረው ማስረጃ ምን ነበር? "በሽተኞቼ ተሻላቸው።" ጎረቤታችንም ያላት ይኸው ነው። እሱ ትክክል ነበር፤ ትክክል መሆኑን ግን ከማይሠራ መድኃኒት ሻጭ የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። ሰው እውነቱን ይዞ እንኳ ገና ላያውቀው ይችላል። ያ ኮሚቴም ከመቅጣት ይልቅ እስቲ በሽተኞቹን በዕጣ ሁለት ቦታ ከፍለን እንሞክረው ቢል ኖሮ፣ ነገሩ ከሃያ ዓመት በላይ ይቀድም ነበር። ለእኔ የኮሚቴው ጥፋት አለማመኑ አይደለም። ሳይሞክር መዝጋቱ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንመለስ። ወሬው ደርሷል። "ጨጓራ ባክቴሪያ ነው" እየተባለ ነው። ይህም በተራው የታወቀ ነገር ሆኗል። የሆነውም በድሮው መንገድ ነው፤ አንዱ ለአንዱ እየነገረው። አገራችን ውስጥ በተደረጉ ጥናቶች ከተመረመረው ሰው ግማሽ ያህሉ ላይ ባክቴሪያው ይገኛል። አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ከቤተሰብ ይይዘውና ዕድሜውን ሙሉ አልሰር ሳይነካው ይኖራል። እንግዲህ ሆዱን ያመመው ሰው ተመርምሮ "አለብህ" ቢባል፣ ያመመው በእሱ ነው ማለት አይደለም። ሆዱን ያላመመው ጓደኛውም ቢመረመር ሊገኝበት ይችላል። ምርመራው ራሱ ደግሞ ጣጣ አለው። በደም የሚሠራው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚያየው፤ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት "አለ" ማለቱን ይቀጥላል።

እናቴ መጀመሪያ በሰገራ ስትመረመር "የለብዎትም" ተብላ ነበር። ደስ ብሏት ወደ ተልባዋ ተመለሰች። በኋላ ያየቻት ወጣት ሐኪም ግን ወረቀቱን ካየች በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት። "እማማ፣ ይህን ሲመረመሩ ኦሜፕራዞል ይወስዱ ነበር?"

"በየቀኑ ነው የምወስደው ልጄ።"

ኦሜፕራዞል ባክቴሪያውን አይገድልም፣ ግን ያዳክመዋል፤ ቁጥሩ ይቀንስና ምርመራው ላያገኘው ይችላል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት መቋረጥ አለበት። እናቴ ሁለት ሳምንት እየተሰቃየች ቆየች። እንደገና ስትመረመር ተገኘባት። ኢንዶስኮፒ ተሠራላት፤ ቁስል ነበር። ሐኪሟ ያን ጥያቄ ስትጠይቅ ፓልመር ትዝ አለኝ። ያው የማቅለሚያው ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ "የለም" ተብሎ ተጽፏል፣ ማኅተም አለበት። እሷ ግን መልሱን ከማንበቧ በፊት መልሱ እንዴት እንደተገኘ ጠየቀች። እንዲህ ያለ ሐኪም እግዚአብሔር ያብዛልን።

አንድ ጥያቄ ግን አስጨንቆኛል፤ ዘልዬው ማለፍ አልፈልግም። እኔ ባክቴሪያውን አይቼው አላውቅም። ፐርዝ አልሄድኩም። የኦስትሪያውን ጥናት ሰዎቹ በትክክል ይቁጠሩ አይቁጠሩ አላየሁም። ያነበብኩትን አምኜ ነው። እናቴ ነርሷንና አያቴን አመነች፤ እኔ መጽሔትና ሐኪም አመንኩ። ሁለታችንም የሰው ቃል ነው የያዝነው። ታዲያ ልዩነታችን ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ልዩነቱ የተናጋሪው ዲግሪ አይደለም፤ ፓልመርም ዲግሪ ነበረው። አገሩም አይደለም። ልዩነቱ በመካከል ነገሩን ለማፍረስ የሞከረ ሰው መኖሩ ነው። የማርሻልን ነገር ብዙ ሐኪሞች ውሸት ቢሆን ይመርጡ ነበር። አንዳንዶቹ ሊያፈርሱት ተነስተው ሞከሩ፤ ሞክረው ያው ሆነባቸው። በርበሬ አልሰር ያመጣል የሚለውን ግን በማዕዳችን ዙሪያ ለማፍረስ የሞከረ ማንም አልነበረም። አያቴ ለእናቴ፣ እናቴ ለእኛ፣ ነርሷም ምናልባት ከራሷ እናት። መቶ ሰው ቢለውም አንዱ ከሌላው ከሰማው እንደ አንድ ሰው ቃል ነው። የድሮ ዳኛ እንኳ ምስክሩን "አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?" ሳይለው አያልፍም ነበር።

ደግሞም የፈረሰው ሁሉ ተጠራርጎ አይጠፋም። ባክቴሪያው ሲገኝ ብዙዎች ጭንቀት ምንም ድርሻ የለውም አሉ። በ2015 የወጣ አንድ የዴንማርክ ጥናት ግን ጭንቀት የበዛበት ሰው፣ ባክቴሪያው ኖረበትም አልኖረበትም፣ አልሰር የመያዝ ዕድሉ ከፍ እንደሚል አሳየ። "ንዴት ነው" የሚሉት እናቶች ጨርሶ አልተሳሳቱም ማለት ነው። ምችም እንደዚሁ። ፀሐይ ሲመታን ከንፈራችን ላይ ውሃ የሚቋጥረውን ነገር ምች ነው እንላለን፤ ዳማከሴ ይታሻል። የሚያወጣው ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የኖረ ቫይረስ ነው። ቫይረሱን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ግን በእርግጥ የፀሐይ ጨረር ነው። ፀሐይን የጠረጠሩት በትክክል ጠርጥረዋል። ስለዚህ የአያቶቻችንን ነገር ሁሉ ኋላ ቀር ብሎ የሚጥል ሰው ሲያጋጥመኝ ያናድደኛል። እሱም ሳይመረምር ነው የጣለው።

እናቴ የሁለት ሳምንት መድኃኒቷን ጨርሳ፣ ከወር በላይ ቆይታ ተመርምራ ነጻ ናት ተባለች። አሁን ቀይ ወጥ ትበላለች። አንዳንዴ ያቃጥላታል፤ ሁላችንንም ያቃጥለናል። ተልባውን አልተወችም፣ እኔም ተዪ አላልኳትም።

ያለፈው እሑድ ወንድሜ ምሳ ሊበላ መጣና በአልጫው በኩል ተቀመጠ። "እኔንም ጨጓራ ጀመረኝ" አለ። "በርበሬ ትቼ ነበር፣ ግን አልተሻለኝም።" መቼ እንደጀመረው ጠየቅሁት። ከሁለት ወር ወዲህ ነው አለ። ከሁለት ወር በፊት ምን ተለወጠ? አሰበ አሰበና ወገቡን ስላመመው ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ እየገዛ እንደሚውጥ ነገረኝ። በቀን ሁለቴ፣ ብዙ ጊዜ በባዶ ሆድ። እነዚህ የሕመም ማስታገሻዎች ከባክቴሪያው ቀጥሎ ዋናዎቹ የአልሰር መንስኤዎች እንደሆኑ ነገርኩት። ጨጓራን የሚሸፍነውን ልጋግ ሰውነት እንዲያመርት የሚያደርገውን ነገር ነው የሚያግዱት።

"በምን አወቅሽ?" አለኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው አልኩት። ያነበብኩትን ነገርኩት፤ የእሱ ሕመም በዚያ ይሁን አይሁን ግን እኔ ከዚህ ተቀምጬ ልናገር እንደማልችልም ነገርኩት። ሰኞ ወደ እናቴ ሐኪም አብረን እንሄዳለን። የሚውጣቸውን ክኒኖች በሙሉ ከነካርቶናቸው በፌስታል ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።